በእርግዝና ጊዜ ስለሚደርስ የጆሮ ድካም

ሴት በፀነሰች ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቃቸውና የሚጠባበቃቸው ሕመሞች አሉ። ማቅለሽለሽና ማስመለስ፥ የእግር ማበጥ፥ የወገብ ሕመም፥ ምግብ መጥላትና አምሮት፥ እነዚህ ሁሉ ከእርግዝና ጋራ የሚመጡ መሆናቸውን ሽማግሌውም ልጁም ያውቃል። ነገር ግን ሴቲቱ፥ ጆሮዬን ደፈነኝ፥ ሰው ሲናገርም ድምፁ ከሩቅ ይመጣብኛል ያለች እንደ ሆነ፥ ነገሩን ከቁም ነገር የሚቈጥርላት ሰው ጥቂት ነው። ወይ «ከወለድሽ በኋላ ይተውሻል» ትባላለች፤ ወይም ከዚህ የሚከፋው፥ እየሰማች እንዳልሰማች የምትሆን ቸልተኛ ናት ተብላ ትታማለች። እኛም ዛሬ ስለዚህ ጕዳይ ጥቂት ለመጻፍ የወደድነው ሐኪሞችን ሕክምና ለማስተማር ብለን አይደለም። ይህን አቤቱታ ከሐኪም አስቀድመው የሚሰሙት ባል፥ የመሥሪያ ቤት አለቃና የነፍስ አባት ስለ ሆኑ፥ የሚሰጡት ምክር ባለማወቅ እንዳይሆን ብለን ነው።

ነገሩ እንዲገባን የጆሮን ሥራ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል። ከታምቡሩ በስተ ኋላ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይገኛሉ፤ ሊቃውንትም መልካቸውን አይተው መዶሻ፥ መስፍና እርካብ ብለው ሰይመዋቸዋል። እርካብ የተባለው በእውነት የፈረስ እርካብ ይመስላል፤ ነገር ግን ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በሰው አካል ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ እርሱ ያንሳል። ይህ አጥንት በውስጠኛው ጆሮ መስኮት ላይ ተቀምጦ በመንቀጥቀጥ፥ ድምፁን የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው፥ ፈሳሽ ወደ ተመላው ክፍል ያስተላልፋል፤ ከዚያም በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል። ድምፁ ከዚህ መንገድ በአንደኛው ስፍራ ሲሰናከል ሰው መስማት ይሳነዋል። የተሰናከለበት ስፍራ እንደ መለያየቱም መድኃኒቱ ይለያያል።

በነፍሰ ጡሮች ላይ ከሚደርሰው የጆሮ ድካም ብዙው ቀላል ነው። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም መጠኑ ከቀድሞው በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ሰውነትም ውሃ ይይዛል። ስለዚህ የአፍንጫዋ ውስጥ ቆዳ ያብጥና ከአፍንጫ በስተ ኋላ ተነሥቶ ወደ ጆሮ የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ ይታፈናል፤ ጆሮም ድፍን ይላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ማስመለስ የበረታባት ሴት በከሳች ጊዜ ያው ቧንቧ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የገዛ ድምፅዋና ትንፋሽዋ በጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ድምፅ በጆሮዋ ውስጥ ይጮኽባታል። ጋደም ስትል ወይም ራስዋን ዝቅ ስታደርግ ይቀልላታል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ በመስማት ረገድ ጥቂት መድከም በአንዳንዶች ላይ ታይቷል። እነዚህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋሉ። ከእርግዝና ጋራ ምንም ዝምድና ሳይኖረው በእርግዝና የሚሳበብ የጆሮ ኩክም አለ፤ ሐኪም በጥቂት ደቂቃ የሚያወጣውን ኩክ በክብሪት እንጨት ለማውጣት ሲሞከር ታምቡሩ የሚበሳበት ጊዜ አለና ከዚህ መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስረዳ የምንወደው ግን ኦቶስክሌሮሲስ ስለሚባለው ደዌ ነው። በዚህ ደዌ ምክንያት በእርካቡ ዙሪያ ያለው አጥንት ያለ ልክ ያድግና እርካቡን በስፍራው ያጣብቀዋል። መንቀጥቀጡን የተወ እርካብም ድምፅን አያስተላልፍም። የዚህን አጥንት መጣበቅ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢጣልያዊው ሐኪም ቫልሳልቫ አስተውሎት ነበር፤ የደዌውን ጠባይ መርምሮ ስሙን ያወጣለት ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የቪየናው ሐኪም አዳም ፖሊትዘር ነው። ደዌው ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። በሐኪም ዘንድ ከሚታወቁት ሕሙማን መካከልም ሴቶቹ ከወንዶቹ ሁለት እጅ ያህል ይበዛሉ። የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዓመት እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

የዚህ ደዌ ምልክቶች ሰውን የሚያሳስቱ ናቸው። መስማት የተሳነው ሌላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ይህች ሴት ግን የገዛ ድምፅዋ በአጥንት በኩል ጐልቶ ስለሚሰማት ዝቅ አድርጋ ትናገራለች፤ ሰውም ይህን እንደ ትሕትና ወይም እንደ ኩርፊያ ይቈጥረዋል። ዳግመኛም ጸጥታ ባለበት ቤት ያልሰማችውን ቃል፥ በወፍጮ ቤት ወይም በገበያ ሁካታ መካከል ትሰማለች። ምክንያቱም በሁካታ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳያስበው ድምፁን ያነሣል፤ እርስዋ ግን ሁካታውን እንደ ሌላው ሰው አትሰማውም። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ቶማስ ዊሊስ፥ ከበሮ ካልተመታ በቀር የማትሰማ አንዲት ሴት እንደ ነበረችና ባልዋም ከእርስዋ ጋራ ለመነጋገር ሲል ከበሮ የሚመታ አገልጋይ እንደ ቀጠረ ጽፏል። የዚያን ባል ትዕግሥት ሁሉም ሰው አላገኘውም። በወፍጮ ቤት ሰምታ በቤትዋ ያልሰማች ሚስት «የምትሰማው ስትፈልግ ነው» ብትባል የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስንት ቤት በዚህ ምክንያት ሰላም አጥቶ ይሆን?

አሁን ስለ እርግዝናው እንመለስ። ብዙዎች ሴቶች የመስማታቸው መድከም የጀመረው ወይም የባሰው ባረገዙ ጊዜ መሆኑን ለሐኪሞቻቸው ይናገሩ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሐኪሞች ይህ ደዌ ያለባት ሴት ዳግመኛ እንዳታረግዝ እስከ መምከር ደርሰው ነበር። በእርግዝና የሚበዛው ኤስትሮጅን የሚባለው ቅመም የአጥንቱን እድገት ያፋጥናል የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ ግን ነገሩ አከራካሪ ሆኗል። የልጆች ብዛት ደዌውን ያባብሳል ያሉ አልጠፉም፤ ነገር ግን በቅርብ ዘመን ደዌው ያለባቸው የወለዱና ያልወለዱ ሴቶች ተነጻጽረው ሲመረመሩ፥ የወለዱት ከሌሎቹ ይልቅ መስማታቸው ደክሞ አልተገኘም። በእኛም አስተያየት ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ደዌው የሚጀምርበት ዕድሜና ሴት የምትወልድበት ዕድሜ አንድ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ በአንድ ዘመን ቢገናኙ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ጆሮዋ የደከመ ሴትን፥ ልጅ መውለድሽ አደነቈረሽ፥ ወይም ሌላ ልጅ ብትወልጂ ፈጽሞ ትደነቍሪያለሽ ብሎ ማስፈራራት በቂ መሠረት የሌለው ፍርድ ነው። ይህን ሰምቶ ትዳሩ የሚናወጽበት ሰው ምክር ለመጠየቅ ወደ ነፍስ አባቱ ቢመጣ፥ አስቀድሞ ሚስቱን ወደ ጆሮ ሐኪም እንዲወስድ ማዘዝ ይገባል።

ቀላሉን እንዲህ ካየን፥ ቀን የማይሰጡት ደግሞ አሉ። በሦስት ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜም በአንድ ጆሮ ብቻ፥ በድንገት የሚመጣ ደንቆሮነት አለ፤ አንዳንዷ ማታ ደኅና ተኝታ ጠዋት ስትነሣ አንድ ጆሮዋን ታጣዋለች። ይህ በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ደም ለመርጋት የቀለለ ይሆናል፥ ለውስጠኛው ጆሮ ደም የምታደርሰውም አንዲት ቀጭን ሥር ስለ ሆነች እርስዋ ብትዘጋ የሚተካት ስለሌለ፥ ሐኪሞች ይህን ይጠረጥራሉ። ለዚህ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሲሆን፥ የበለጠ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ውስጥ ነው። «ከወለድሽ በኋላ ይተውሻል» የተባለች ሴት አምስት ወር ብትጠብቅ የመድኃኒቱ ጊዜ ያልፍባታል። እንዲሁም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጆሮ ጭው ማለት ከብርቱ ራስ ምታትና ከዓይን መጋረድ ጋራ የመጣ እንደ ሆነ፥ የእርግዝና ደም ብዛት ሊሆን ይችላልና ለእናቲቱም ለፅንሱም ሕይወት ሲባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

መድኃኒት ራሱ ጆሮን የሚጐዳበት ጊዜም አለ። ጄንታማይሲን፥ ካናማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መድኃኒቶች የውስጠኛውን ጆሮ ለዘወትር ሊያበላሹ ይችላሉ፤ ስትሬፕቶማይሲንማ በማሕፀን ያለውን ልጅ እንኳ ሊያደነቍር ይችላል። በዱሮ ዘመን ለወባ በብዛት ይሰጥ የነበረው ኪኒንም (ዛሬ ማናቸውንም እንክብል ኪኒን የምንለው ከእርሱ ወርሰን ነው) ጆሮን ጭው ያደርጋል፥ መስማትንም ያደክማል፤ ይህ ግን መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ይህን ስንል ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ይገባል ማለታችን አይደለም። መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላ ጆሮዋ የተለወጠባት ሴት ለሰጣት ሐኪም ወዲያው ትንገር።

ምርመራው ፅንሱን የሚያሰጋ አይደለም። ሐኪሙ ሲመቱት የሚነዝር ሹካ መሰል ብረት አንድ ጊዜ ከጆሮ በስተ ኋላ ባለው አጥንት ላይ፥ አንድ ጊዜ ከጆሮ ፊት ለፊት ያደርጋል። በአጥንቱ በኩል አብልጣ የሰማች እንደ ሆነ መሰናክሉ በታምቡሩና በአጥንቶቹ መንገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመሣሪያ ልኩ ይታወቃል። በኦቶስክሌሮሲስ የተጣበቀው እርካብ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሊተካ ይችላል። ይህን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ ሜምፊስ በተባለች ከተማ መጀመሪያ ያደረገው ጆን ሺ የተባለ ሐኪም ሲሆን፥ እርካቡን አውጥቶ በስፍራው ከቴፍሎን የተሠራ ምትክ አገባ። ለነፍሰ ጡር ግን ይህ ሥራ የሚያስቸኵል ስላልሆነ ከወሊድ በኋላ እንዲሆን ይደረጋል፤ እስከዚያም የመስሚያ መሣሪያ ይበቃታል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡር ለክትትል በሄደች ጊዜ የደም ግፊትዋ ይለካል፥ ሽንትዋና ደምዋም ይመረመራል። የጆሮዋ ነገር ግን እርስዋ ወይም አብሮ የሄደው ሰው ካላነሣው በቀር አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች፥ የደከመው አንዱ ጆሮ ነው ወይስ ሁለቱም፥ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፥ ራስ ማዞር አለ ወይ፥ ምን መድኃኒት ወስዳለች፥ እናትዋ ወይም አክስትዋ በጐልማሳነታቸው ጆሮአቸው የደከመ ነበሩ ወይ፥ ይህን ሁሉ አስቀድመው አስበውበት ቢሄዱ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልሉለታል።