ማን መጣ? ማን ቀረ?

ወልቂጤ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል የበሽታ ስም አይጠራም። «ራሴን ይወጋኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ይላል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ባለሙያው የደረሰበት በሽታ ነው። ሰውዬውን ከቤቱ ያስነሳው ነገር ሳይጻፍ ይቀራል።

በፈረንጆቹ 1987 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መመደቢያ ይህን «የመጣሁበት ምክንያት» ከበሽታው ስም ጎን እንዲመዘገብ አድርጎታል፤ በደንብ የታሰበ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ የሚሄደው በሽተኛ ብቻ አይደለምና። ልጇን ልታስከትብ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ልትወጋ፣ የግፊት ክኒን ሊወስድ፣ ለቅጥር የጤና ማስረጃ ሊያወጣ የሚመጣ አለ። ይህ ሲለይ የነርሷ ሥራ ለነርሷ ይሰጣል፤ ሐኪሙ ደጃፍ ያለው ሰልፍም ያጥራል። በአገራችን ለዚህ ደረጃ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ገና በ2005 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናን ሥራ በየከተማው ተሸክመው የኖሩት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው።

ግን መዝገብ የመጣውን እንጂ የቀረውን አያውቅም። ያልመጣውን ፍለጋ ቤት ለቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ቡታጅራ ይህን ጀመረች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ መመዝገብ ያዘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 68,378 ጎልማሶች ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠየቁ። ከታመሙት አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። የጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ ቢታይ ኖሮ እነዚያ ሰዎች እንደሌሉ ይቆጠሩ ነበር።

ቆየት ብሎ በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው የአእምሮ ሕክምና እዚያው መስጠት ጀመሩ። አስቸጋሪው ግን የድባቴ ሕመምተኛው ነው፤ እሱ ይመጣል። «አዝኛለሁ» ግን አይልም፤ ራስ ምታቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የልቡን ማቃጠል ይናገራል። የራስ ምታት ተብሎ ይመዘገባል፤ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን የሚደምረው ዕቅድ አውጪም የሚያዘው ማስታገሻ ነው።