ለአሮጌ ላንድክሩዘር የሚስማማ ሞተር ስለ መፈለግ

በዛሬው ዘመን በየአገሩ የእርሻን ሥራ ከሚያካሂዱት ዕቃዎች አንዱ፥ ከበሬና ከማረሻ ቀጥሎ፥ በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና መሆኑን የማያውቅ ሹም የለም። ምርጡን ዘር ከመጋዘን ወደ ገበሬው የሚያደርሰው፥ የከብት ሐኪሙን ከነመድኃኒቱ ወደ ቆላ የሚያወርደው እርሱ ነው። ስለዚህ የመኪናው ሞተር በሰኔ ወር የሞተ እንደ ሆነ ጉዳቱ የጽሕፈት ቤቱ ወይም የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የዘር ጊዜ ያመለጠው ገበሬ ሁሉ ጉዳት ነው።

ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አድሶ መያዝ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። ስለ ሞተር ለውጥ ይህን ምክር መጻፋችን ስለዚህ ነው።

አስቀድሞ ሞተሩ በእውነት የሞተ መሆኑን መመርመር ይገባል። ጥቁር ጢስ ማብዛቱ ወይም ጉልበት ማነሱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። በደጋ አገር ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳልና፥ ጤነኛውም የናፍጣ ሞተር ይደክማል፤ የአየሩ ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን ደግሞ ይብስበታል። መካኒኩ የሲሊንደሮቹን ግፊት በመለኪያ አንድ በአንድ ይለካ፤ የሁሉንም ልክ በወረቀት ጽፎ ያምጣ። ከስድስቱ አንዱ ብቻ የወረደ እንደ ሆነ ምናልባት ቴስታታውን አውርዶ ማደስ ይበቃል። ሁሉም የወረዱ እንደ ሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቋል ማለት ነውና፥ ሙሉ እድሳቱን ከሌላ ሞተር ዋጋ ጋር አስተያይቶ መቁረጥ ነው።

ለመለወጥ የተቆረጠ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ሥራ የመኪናውን ስም ማንበብ ነው። በላንድክሩዘር ይህ ነገር ቀላል ነው፤ ፋብሪካው በመኪናው ስም መጀመሪያ ላይ የሞተሩን ፊደል አኑሮታልና። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለው የብረት ሰሌዳ ላይ ኤች ጄ 60 ወይም ኤች ጄ 75 የሚል ቢገኝ፥ ሞተሩ 2ኤች የሚባለው 3,980 ሴንቲሜትር ኩብ የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ኤች ዜድ ጄ የሚል ቢሆን 1ኤች ዜድ ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓመት የወጣው ባለ 4,164ቱ ነው። ኤች ዲ ጄ 80 የሚለው ደግሞ ተርቦ ያለው 1ኤች ዲ ነው። ቢ ጄ የሚለው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ፥ ኤፍ ጄና ኤፍ ዜድ ጄ የሚሉት የቤንዚን ናቸው። እንግዲህ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሁሉ አንድ ነው የሚልን ነጋዴ መስማት አይገባም፤ 2ኤች በጥርስ የሚዞር ሲሆን 1ኤች ዜድ በቺንጋ የሚዞር ነው፤ መቀመጫቸውና ከካምቢዮ ጋር የሚገናኙበትም ይለያያል።

ነገር ግን ፊደሉ ስለ ገጠመ ብቻ ሁሉ ገጠመ አይባልም። ይህን በራሴ ላይ ከደረሰው ልናገር። በአንድ ወረዳ ለዘር ሥራ ተልኬ ሳለሁ የጽሕፈት ቤቱ ላንድክሩዘር ቺንጋ በመንገድ ላይ ተበጠሰና ቫልቮላዎቹ በፒስቶን ተመቱ። ጊዜው ጠቦብን ነበርና በጥድፊያ ሌላ 1ኤች ዜድ ሞተር አስገዛን፤ አሮጌውንም ከነዕቃው ለሻጩ በልዋጭ ሰጠነው። ሞተሩ ከገባ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አቃሰተ እንጂ ሊያስነሳው አልቻለም። ብንመረምር የመጣው ሞተር ከ24 ቮልት መኪና የወጣ፥ የእኛ መኪና ግን 12 ቮልት ሆኖ ተገኘ። የሚስማማው ሞተሪኖና ናፍጣ የሚያሞቁት ካንዴሊታዎች ደግሞ ከአሮጌው ሞተር ጋር ሄደዋል። እነርሱን ፍለጋ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ዘሩ ሲደርስ ሁለት ቀበሌ ገበሬዎች መጠበቅ ሰልችቷቸው በጎተራ ያለውን አሮጌ ስንዴ ዘርተው ጨርሰው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ አስቀድሞ እነዚህን ነገሮች ማመሳከር ይገባል። ፩ኛ፥ የሞተሩ ፊደል። ፪ኛ፥ የሞተሪኖው፥ የዲናሞውና የካንዴሊታው ቮልት። ለጃፓን አገር ገበያ ከተሠሩት ናፍጣ መኪናዎች አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸውና በዚህ ላይ ዓይንን መጣል ነው። ፫ኛ፥ ሞተሩ ከእጅ ማርሽ ወይም ከአውቶማቲክ ካምቢዮ የወጣ መሆኑ፤ የአውቶማቲኩ ሞተር ፍሪሲዮን የሚጫንበት ከባድ መዘውር የለውምና። ፬ኛ፥ የዘይቱ ገንዳ ቅርጽና ሞተሩ የሚቀመጥባቸው እግሮች። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከአሮጌው ሞተር ተፈተው ወደ አዲሱ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ አዲሱ ተነሥቶ በመንገድ ላይ እስኪፈተን ድረስ አሮጌውን ከእጅ ማውጣት የማይገባው ስለዚህ ነው።

በቅርብ ዘመን በተሠሩት፥ ናፍጣቸው በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መኪናዎች፥ ነገሩ ከዚህ ይረቃል። ኮምፒዩተሩ ቁልፉንና የናፍጣ መርጫዎቹን የሚያውቅ ሆኖ ተሠርቷልና፥ ብረቱ ቢገጥም እንኳ ልቡናው ላይገጥም ይችላል። በእነዚህ ያው ዓይነት ሞተር ከመፈለግ ሌላ መንገድ መሞከር አይበጅም።

አንዳንድ ሰዎች ለዳገቱ ጉልበት ለመጨመር በ1ኤች ዜድ ላይ ተርቦ ያስገጥማሉ። 1ኤች ዲ በስፋቱ ከእርሱ ጋር ትክክል ቢሆንም፥ ናፍጣው በቀጥታ በፒስቶኑ ላይ የሚረጭበት፥ ፒስቶኑም በዘይት እንዲቀዘቅዝ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ግፊቱን ይችላል። በልክ ያልተያዘ ተርቦ የጫኑበት 1ኤች ዜድ ግን ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

በአዲስ አበባ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገዛውን ሞተር፥ ቢቻል ሲሠራ መስማት፥ ባይቻል በእጅ አዙሮ ማየት ነው። የዘይቱን ክዳን ሲከፍቱት እንደ ወተት የነጣ ዝቃጭ ያለበት ሞተር ውኃ ገብቶበታልና ይተው። ከመገጠሙም በፊት ቺንጋው ከነመወጠሪያው፥ የውኃው ፖምፓና የኋላው ዘይት መከላከያ ይለወጡ፤ ሞተሩ በውጭ ሳለ ይህ ትንሽ ወጪ ነው። የ1ኤች ዜድ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎሜትር መለወጥ ያለበት ነው።

በመጨረሻም ወረቀቱ አይረሳ። በሊብሬው ላይ የሻንሲው ብቻ ሳይሆን የሞተሩም ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና አይገዛ፤ የግዢውንና የጉምሩኩን ማስረጃ ተቀብሎ አዲሱን ቁጥር በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ፥ የመንግሥትም መኪና እንደ ሆነ በንብረት መዝገብ ማስገባት ይገባል።

እንግዲህ የየአገሩ ገዦች፥ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች በየዓመቱ በመጋቢት፥ ዝናም ሳይጥል፥ መኪናዎቻቸውን ያስመርምሩ። በመጋቢት የተገኘ ሕመም ጊዜ ይሰጣል፤ በሰኔ የተገኘ ግን ከገበሬው አዝመራ ላይ ይቆርሳል።