የጎብዬ አቧራና የዲቲው ሞተር፦ ሰርቪስ በኪሎ ሜትር ብቻ ለምን አይቆጠርም?

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ጎብዬን ሰንጥቆ ያልፋል። አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስትታጠፉ ግን መሬቱ ወዲያው ይለወጣል። የራያ ቆቦ ሜዳ ከተራራው የወረደ ደለል ነው። እነ ሆርማትና ጎሊና በጎርፍ ጊዜ እየተሸከሙ ያመጡትን አሸዋና ደቃቅ አፈር ሜዳው ላይ ሲዘረግፉት ኖረዋል። ለማሽላና ለጤፍ ግሩም አፈር ነው። በበጋ ግን ጎማ ሲረግጠው እንደ ዱቄት ይቦናል።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በአገራችን የግብርና ባለሙያውንም፣ የክትባት ሳጥን የጫነውን የጤና ሠራተኛም ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረው ሞተር ሳይክል ያማሃ ዲቲ 125 ነው። አሮጌ፣ ቀላል፣ ጠንካራ። መመሪያው ላይ «በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄን ቀይር፣ በዚህን ያህል ይሄን አጽዳ» የሚል ሠንጠረዥ አለው። ታዲያ ሠንጠረዡን አክብሮ የተያዘ ሞተር እንኳ ቆላ ላይ ያለ ጊዜው አቅም የሚያጣው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት እስቲ ትንሽ እናስላ። የዲቲ 125 ፒስተን የጎን ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ፒስተኑ ወጥቶ ወርዶ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 5,000 ዙር ከዞረ ደግሞ በደቂቃ 500 ሜትር፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ጎማው የሄደው አይደለም፤ ፒስተኑ ራሱ ሲሊንደሩን እየፋቀ የሄደው ነው። ዲቲው በአንደኛ ማርሽ አሸዋ ውስጥ እየተንፏቀቀ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲጓዝ፣ ፒስተኑ ከባለቤቱ እጥፍ መንገድ ሄዷል!

አሁን ወደ አየሩ። ዲቲ ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ስለሆነ በየዙሩ አየር ይስባል። ሲሊንደሩ 123 ሲሲ ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ ግማሹን ብቻ እንውሰድ። በ5,000 ዙር በደቂቃ 300 ሊትር ገደማ ይሆናል። ተቀምጦ ያረፈ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ6 እስከ 8 ሊትር ነው። አንድ ትንሽ ሞተር የአርባ ሰው ትንፋሽ ይስባል ማለት ነው፣ ያውም ፊት ለፊቱ ከሄደው መኪና ጀርባ ከተነሳው አቧራ መሃል። ለስሌት ያህል በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ አንድ አሥረኛ ግራም አቧራ አለ እንበል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚነዳ ሞተር ከአምስት ግራም በላይ ይስባል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አፈር መሆኑ ነው። በየቀኑ!

አቧራው ለስላሳ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ነገር ግን አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው፤ የሲሊንደሩ ብረትም ከኳርትዝ ያንሳል። የሚፋቀው ማን እንደሆነ አያጠራጥርም። እንግሊዛዊው ጆን አርቻርድ በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር ነገሩን በአጭሩ ያስቀምጠዋል፦ የሚበላው ብረት መጠን ጫናውና የተፋተገው ርቀት ሲጨምር ይጨምራል፣ ብረቱ ጠንካራ ሲሆን ይቀንሳል። ርቀቱን ቅድም አየነው። በቀመሩ ውስጥ አንድ ተባዥ ቁጥር ደግሞ አለ፤ ንጹሕ ዘይት መሃል ሲገባ እጅግ ያንሳል፣ የአሸዋ ብናኝ ሲገባ ይተኮሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። በጣም ጎጂው ትልቁ ጠጠር አይደለም፤ እሱ ክፍተቱ ውስጥ አይገባም። በጣም ደቃቁም የዘይቱን ሽፋን ተንሳፎ ያልፋል። የሚጎዳው ከዘይቱ ሽፋን ውፍረት ጋር የሚመጣጠነው፣ ማለትም ጥቂት ማይክሮ ሜትር የሆነው ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነውና ይህን ብናኝ በዓይን ነጥላችሁ አታዩትም። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ለአፍታ ሲቆም ደግሞ የዘይቱ ሽፋን በጣም ይሳሳል። ለዚህ ነው አሮጌ ሲሊንደር ተከፍቶ ሲታይ የፒስተኑ ቀለበት (መካኒኮቹ ፋሻ የሚሉት) ላይ ወጥቶ የሚመለስበት ቦታ በጥፍር የሚዳሰስ እርከን የሚያወጣው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ሌላም ጣጣ አለበት። አየሩ ወደ ፒስተኑ አናት ከመድረሱ በፊት በታችኛው ክፍል፣ ክራንክ ሻፍቱ በሚዞርበት ቤት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ አቧራው መጀመሪያ የሚያገኘው የቢዬላውን ኩሽኔታ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር አየሩን በዚያ አያሳልፍም፤ ይሁን እንጂ በፋሻው በኩል የሾለከው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ተሰብስቦ ይዞራል፤ ዘይት መቀየር እዚያ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። ዲቲ ላይ ግን የሚቀየረው የማርሽ ዘይት ነው፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። የማርሽ ዘይት ቀይሬያለሁና ሲሊንደሬ ደኅና ነው ማለት ስህተት ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም።

አንዳንዱ ደግሞ «ሞተሩ በደንብ ይተንፍስ» ብሎ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ይጥለዋል። ይሄን ስሰማ ያመኛል። ከአቧራው ሌላ፣ ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ማጣሪያው እንዳለ ታስቦ ነው፤ ሲወጣ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ቆላ ላይ ይሄ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ቆቦ 1,500 ገደማ ነው። ሙቀቱን አስበን እንኳ የቆላው አየር በጥቂት በመቶ ይወፍራል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅና 35 ዲግሪ ሙቀት ተጨምረው ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ያጣብቁታል። ከከተማ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የክትባት ሳጥኑ ውስጥ በረዶው እየቀለጠ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ በምን እንቁጠር? የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በአሮጌ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል፤ ቢሠራም ያታልላል። 3,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ በ40 ፍጥነት 75 ሰዓት ሥራ ነው፤ በ15 ፍጥነት ግን 200 ሰዓት ይሆናል። ያው ቁጥር፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ሥራ። እኔ የምመርጠው ቤንዚን መቁጠርን ነው። ሞተር የሠራው ሥራና የጠጣው ነዳጅ አብረው ይሄዳሉና። ከባድ ማሽኖች ላይም የጥገና ጊዜን በተቃጠለ ነዳጅ መለካት የተለመደ ነው። አስፋልት ላይ በሊትር 35 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 3,000 ኪሎ ሜትሩን በ85 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። እንግዲያው ደብተር ላይ የምትጽፉት ሊትር ይሁን፤ 85 ሊትር ሲሞላ ጊዜው ደረሰ፣ መንገዱ ምንም ይሁን ምን። የቢሮ ሞተር ከሆነ ይሄ የበለጠ ይጠቅማል፤ አምስት ሰው እየተቀባበለ ሲነዳው ማንም የነዳውን አያስታውስም፣ የቤንዚን ደረሰኝ ግን ይቀራል።

የአየር ማጣሪያው ግን ከዚህም ሠንጠረዥ ውጭ ነው። በደረቁ ወራት፣ በተለይ ማሽላ ሲወቃ ገለባውና አቧራው በሚደባለቅበት ጊዜ፣ ማታ ማታ መታየት አለበት፤ ዝናብ ሲጥል በሳምንት አንዴ ይበቃል። የዲቲው ማጣሪያ ስፖንጅ ነው። በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ዘይት ይነከርና ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ስፖንጁንም ሙጫውንም ይጎዳል፣ እሳትም አለበት። ዘይቱን መርሳት ደግሞ ሳያጥቡ ከመተው አይሻልም፤ ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው ያ የሚጣበቅ ዘይት ነውና።

ማጣሪያው እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከማጣሪያው ወደ ካርቡሬተሩ የሚወስደውን ጎማ ንቀሉና የውስጡን ግድግዳ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ አቧራው እያለፈ ነው፤ ወይ ስፖንጁ ተቀዷል፣ ወይ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ወይ የማጣሪያው ከንፈር ከቤቱ ጋር አልገጠመም። ከንፈሩ ላይ ስስ ግሪስ መቀባት የመጨረሻውን ይፈታዋል።

ጨርቁን ሳያዩ ለቆዩት የሚቀረው ሲሊንደሩን ማስፋት ነው። የተበላው ሲሊንደር በ0.25 ሚሊ ሜትር ይሰፋና ትርፍ መጠን ያለው ፒስተን ይገባለታል፤ ከዚያ 0.50፣ ከዚያ 0.75፣ ከዚያ 1.00። አራት ዕድል ነው ያለው፤ መካኒኩ ጉዳቱ ጠልቆ ካገኘው ደግሞ አንዱን ዘሎ ያልፋል።