ሜዳ ውሎ ስለሚያድር የተዋጊ ዶሮ መንጋ ጠባይና አስተዳደግ

ዶሮ በየደጁ የሚታይ ስለ ኾነ ጠባዩን የማያውቅ የለም ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ጧትና ማታ እየተመለከተ ሥራውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ለማስተዋልም የሚመቸው ተዋጊ የሚባለው ዘር ነው። ይኸውም በህንድ አገር አሲል የሚሉት፣ በእንግሊዝ አገርም ዶሮ ማዋጋት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ በኋላ ሳይጠፋ የቀረው ነው።

የዚህ ዘር ሴት ዶሮ ብዙ እንቍላል አትጥልም፤ በመታቀፍና በማሳደግ ግን የታወቀች ናት። 21 ቀን ስትታቀፍ እንቍላሉን ታገላብጣለች፤ ለመብልና ለውሃም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ትነሣለች። ጫጩቶቹ ገና በቅርፊት ውስጥ ሳሉ ሲጮኹ እርሷ ትመልስላቸዋለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ በሆዳቸው ስላለ፣ በመጀመሪያው ቀን ከጥሬ ይልቅ የእናታቸውን ሙቀት ይሻሉ። ስለዚህ ጫጩቶችን ቶሎ ከእናታቸው የሚለይ ሰው ለብርድና ለጭልፊት አሳልፎ ይሰጣቸዋል።

አውራው ደግሞ ጠባቂ ነው። ጭልፊት በሰማይ ሲያይ የሚያሰማው ድምፅና ድመት በምድር ስትመጣ የሚያሰማው ድምፅ የተለያየ ነው፤ መንጋውም ድምፁን ለይቶ ወይ ይሸሸጋል ወይ ቀና ብሎ ይመለከታል። ጥሬ ሲያገኝም እያነሣ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል።

ቶርሌፍ ሽየልደሩፕ ኤበ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ ዶሮዎች እርስ በርሳቸው የበላይና የበታች እንዳላቸው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ገልጧል። የበላዩ የበታቹን ይነቍራል፤ የበታቹም መንገድ ይለቃል። ይህ ሥርዐት ከጸና በኋላ ጠቡ ይቀንሳል። ባዕድ ዶሮ በድንገት ሲጨመር ግን ጠቡ እንደ ገና ይነሣል። አብረው ያደጉ ወንድማማች አውራዎችም ጥቂት ሳምንት ተለያይተው ቢገናኙ እንደ ባዕድ ይዋጋሉ፤ በተዋጊው ዘር ይህ እስከ ሞት ያደርሳል።

እንግዲህ ሹማምንት ለገበሬው የዶሮ ዘር በሚያድሉበት ጊዜ ይህን ሊያስቡ ይገባል። ነጭ ሌግሆርን የሚባለው ዘር እንቍላል በብዛት ይጥላል እንጂ ለመታቀፍ እምብዛም አይወድም። መፈልፈያ መኪና በሌለበት ቀበሌ ታቃፊዋ የአገር ዶሮ ከጠፋች መንጋውን የሚተካ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ ዘር ከመግባቱ አስቀድሞ የትኛዋ ዶሮ ስንት ታቅፋ ስንት እንዳሳደገች ተመልክቶ መጻፍ፣ ከደኅና እናት የተወለዱትንም ለዘር ማስቀረት ይገባል።