ከጋፋት እስከ ቡሬ፦ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን አካባቢውን የሚያነቃቃው መቼ ነው?

አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት አውሮጳውያን ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አሠርተዋል። ባለሙያዎቹ በንጉሡ ጥበቃና ቀለብ ይኖሩ ነበር፤ ኢትዮጵያውያንም አብረዋቸው ሠርተዋል። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። የጋፋት ደንበኛ ግን አንድ ብቻ፣ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀቁ፤ ሥራውም ቀረ።

የዛሬው ልዩ የኢኮኖሚ ዞንም ከጋፋት ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው፦ መንግሥት ከልሎ ለብቻው ሕግ የሚያወጣለት ቦታ ነው። ባለሀብቱ ማሽንና ጥሬ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ይሆናል፤ የፈቃድና የጉምሩክ ጉዳዩንም እዚያው ይጨርሳል። በአየርላንድ ሻነን፣ ረጅም የሚበሩ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመቅዳት ማረፋቸውን ሲተዉ፣ አካባቢው ሥራ እንዳያጣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነፃ ቀጣና ተቋቋመ። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ሼንዘንን ልዩ የኢኮኖሚ ዞን አድርጋ ከፈተች።

በእኛ አገር በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 886 የኢንዱስትሪ ፓርኮችን ሲያቋቁም፣ በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1322 ደግሞ ንግድንና ሎጂስቲክስን ጨምሮ ወደ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን አሰፋቸው። በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ ለብዙ ወጣት ሴቶች የስፌት ሥራ ፈጠረ። ጨርቁ በብዛት ከውጭ ይመጣ፣ ልብሱም በዋናነት ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር። በ2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትታገድ ሥራ የቆመባቸው ፋብሪካዎች ነበሩ። የጋፋት ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ፦ ገበያው በአብዛኛው አንድ፣ ከአካባቢው ጋር ያለው ትስስርም ስስ ሆነ።

በምዕራብ ጎጃም የሚገኘው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበው በሌላ መንገድ ነው። የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርቱን ከገበሬው ተቀብለው፣ ለይተውና አከማችተው ለፋብሪካው ያቀርባሉ። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ያለው ገበሬም የፓርኩ ባለድርሻ ይሆናል፤ ይህ የሚሠራው ግን መንገድና መብራት ሲኖር፣ ሰላም ሲሰፍን ነው።

ጋፋት የምትገኝበት ደቡብ ጎንደርም የጉና ድንች፣ የፎገራ ሩዝ አለው። ነገ ለአካባቢው ዞን ይሠራ ቢባል፣ ነዋሪው ከግብር እፎይታው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ጥሬ ዕቃው ከየት ይገዛል? አንዱ ገበያ ቢዘጋ ሌላ አለ ወይ? መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ከካሳው በኋላ በምን ይተዳደራል? ለእነዚህ በቂ መልስ ሳይኖር የሚታጠር ቦታ የሚጠቅመው ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።