የቡና ቅጠል ምን ያህል ‘ይተነፍሳል’? ጥላንና የዕፅዋትን ትንፋሽ በማሳ ላይ የመለካት ሳይንስ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የሚያለማ ገበሬ በየጊዜው የሚወስነው አንድ ጉዳይ አለ። ከቡናው በላይ ካሉት የዋንዛ፣ የብርብራና የሳሳ ዛፎች የትኛው ቅርንጫፍ ይመልመል? የትኛውስ ይቆይ? ጥላው ሲበዛ ቡናው አበባ ያሳንሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ ለፀሐይና ለደረቅ አየር ይጋለጣል።

ይህ ውሳኔ ለዘመናት በዓይንና በልምድ ሲሰጥ ኖሯል። የአየር ንብረት ለውጥ ግን ነገሩን እያከበደው ነው። ኔቸር ፕላንትስ በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት በ2017 እ.አ.አ የታተመ ጥናት፣ ተገቢ እርምጃ ካልተወሰደ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። የዱር አረቢካ ቡናም ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል።

ለመሆኑ አንድ ተክል ሙቀትና ድርቅ ሲበረታበት ምን እየሆነ እንዳለ፣ ጥላስ ምን ያህል እንደሚረዳው በቁጥር ማወቅ ይቻላል? ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙት ሁለት ዓይነት ልኬቶችን ነው። አንደኛው ቅጠል ከአየር ጋር የሚለዋወጠውን ጋዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ የቅጠሎችንና የቅርንጫፎችን አደራደር ይመለከታል።

ለመብላት የሚከፈል ውኃ

በቅጠል ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ስቶማታ ይባላሉ። ተክሉ ምግቡን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። ነገር ግን በሮቹ በተከፈቱ ቁጥር ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት ተክሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የውኃ ሞለኪውሎችን ሊያጣ ይችላል።

አየሩ ሲደርቅ ወይም በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ውኃ ሲያጣ ተክሉ በሮቹን ይዘጋል። ውኃውን ይቆጥባል፤ በዚያው ልክ ግን ምግብ ማምረቱን ይቀንሳል። አረቢካ ቡና በተለይ ለአየር መድረቅ ፈጥኖ በሩን ከሚዘጉ ተክሎች አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት ጠዋት ላይ በደንብ የሚሠራ የቡና ቅጠል፣ ፀሐይ ስትበረታና አየሩ ሲደርቅ ሥራውን በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል።

ቅጠልን ቆንጥጦ መለካት

ይህን ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ ሰው ይዞት ሊንቀሳቀስ የሚችል ነው። ጫፉ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ክፍል አለው። ተመራማሪው ቅጠሉን ሳይቆርጥ፣ ከነቅርንጫፉ እንዳለ በዚህ ክፍል ውስጥ ያስገባዋል። ክፍሉ የሚይዘው ጥቂት ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ኢንፍራሬድ የተባለውን በዓይን የማይታይ ጨረር ይመጥጣሉ። መሣሪያው ወደ ክፍሉ በሚገባውና ከክፍሉ በሚወጣው አየር ውስጥ ጨረር እያሳለፈ፣ ምን ያህሉ እንደተመጠጠ በማየት የጋዞቹን መጠን ያሰላል። ለምሳሌ የገባው አየር ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውሎች ውስጥ 420ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ፣ ሲወጣ ወደ 410 ቢወርድ፣ የጎደለውን 10 የወሰደው ቅጠሉ ነው ማለት ነው። ይህ ልዩነት ከአየሩ ፍጥነትና ከቅጠሉ ስፋት ጋር ሲሰላ የተክሉ የሥራ መጠን ይታወቃል።

ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ በመሆኑ ጥንቃቄው ብዙ ነው። ክፍሉ በጥቂቱ እንኳ ቢያፈስ፣ ወይም ለካዩ በአቅራቢያው ቢተነፍስ ውጤቱ ይዛባል። ከሰው አፍ የሚወጣው አየር ከከባቢው አየር በመቶ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለውና። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አንዱን ማሳ ጠዋት፣ ሌላውን ከቀትር በኋላ ለክቶ ማወዳደር የማሳዎቹን ሳይሆን የሰዓቱን ልዩነት ማንበብ ይሆናል።

ጥላን በቁጥር

ሁለተኛው ልኬት ከአናት በላይ ያለውን ይመለከታል። እንግሊዛዊው የግብርና ተመራማሪ ዲ. ጄ. ዋትሰን በ1947 እ.አ.አ ያስተዋወቀው መለኪያ ዛሬም ያገለግላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ያሉት ቅጠሎች ሁሉ ቢነጠፉ ስንት ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ? መልሱ ሦስት ከሆነ መሬቱ በአማካይ ሦስት ድርብ ቅጠል አለው ማለት ነው።

ቅጠልን ሁሉ አርግፎ መለካት አድካሚ፣ ተክሉንም የሚጎዳ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከቅጠሉ ይልቅ ብርሃኑን ይለካሉ። ጃፓናውያኑ ሞንሲና ሳኤኪ በ1953 እ.አ.አ እንዳሳዩት፣ ብርሃን በቅጠሎች መካከል ሲያልፍ እያንዳንዱ ንብርብር ከደረሰው ላይ የተወሰነ እጅ ይቀንሳል። በተለመደ የቅጠል አደራደር፣ አንድ ድርብ ቅጠል 60 በመቶ ገደማውን ብርሃን ያሳልፋል። ሦስት ድርብ ሲሆን የሚያልፈው 22 በመቶ፣ አምስት ድርብ ሲሆን ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ለዚህ የሚውሉት መሣሪያዎች ከዛፉ በላይ ወይም ገላጣ ቦታ ላይ ያለውን ብርሃን ከጥላው ሥር ካለው ጋር ያነጻጽራሉ። ሌላው ዘዴ ሰፊ ማዕዘን በሚያሳይ ሌንስ ከመሬት ወደ ሰማይ ፎቶ አንስቶ፣ ምን ያህሉ ሰማይ ምን ያህሉ ቅጠል እንደሆነ በኮምፒውተር መቁጠር ነው። ሥራው የሚመረጠው ሰማዩ በደመና እኩል ሲሸፈን ወይም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ከጠለቀች በኋላ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ በቅጠሎቹ ላይ ሲያንጸባርቅ ቅጠል ሰማይ መስሎ ይቆጠራልና።

አንድ ቅጠልና አንድ ዛፍ

ሁለቱ ልኬቶች ካልተጣመሩ ግን የተሳሳተ ምክር ሊሰጡ ይችላሉ። ቡና ጥሩ ምሳሌ ነው።

አንድ የቡና ቅጠል ብቻውን ሲለካ የቀትር ፀሐይ ከምትሰጠው ብርሃን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው ብርሃን የምግብ ዝግጅቱን እምብዛም አይጨምርም። ይህን ብቻ ያየ ሰው ‘እንግዲያው ጥላ ምንም አይጎዳም’ ሊል ይችላል።

ይሁን እንጂ የቡና ዛፍ አንድ ቅጠል አይደለም። ከላይ ያሉት ቅጠሎቹ ከውስጥና ከታች ላሉት ጥላ ይሆናሉ። ብርሃኑ ከዋንዛው ሥር ሲደርስ አንድ ሦስተኛ ብቻ ከቀረ፣ የላይኛው የቡና ቅጠል ሲጠግብ የውስጠኛው ይራባል። በተጨማሪም ጥላ ሲበዛ በየቅርንጫፉ የሚወጡት የአበባ እምቡጦች ይቀንሳሉ፤ አበባ ሲያንስ ፍሬም ያንሳል።

በሌላ በኩል ጥላ የአየሩን ሙቀት ያበርዳል፣ ንፋሱን ይገታል፣ እርጥበቱንም ያቆያል። በዚህም የቅጠሉ በሮች ረዘም ላለ ሰዓት ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ነገር ግን የጥላ ዛፉም ውኃ ጠጪ ነው። ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ ከቡናው ጋር ሊሻማ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ የጥላ መጠን የለም። በሞቃት ቆላማ ጠርዝ ላይ የሚጠቅመው ጥላ፣ ቀዝቃዛና ደመናማ በሆነ ከፍታ ላይ ምርት ሊቀንስ ይችላል።

የደን ትንፋሽ ከማማ ላይ

ከቅጠልና ከዛፍ አልፎ የአንድን ደን የጋዝ ልውውጥ በጠቅላላ ለመለካት ደግሞ ማማ ይሠራል። በማማው ላይ የሚተከሉት መሣሪያዎች የንፋሱን ወደ ላይና ወደ ታች መዋዠቅ፣ በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጭምር በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይመዘግባሉ። ወደ ታች የሚወርደው አየር ወደ ላይ ከሚወጣው የበለጠ ካርቦን ከያዘ ደኑ እየወሰደ ነው፤ ተቃራኒው ከሆነ እየለቀቀ ነው። በብራዚል የአማዞን ደን ውስጥ ለከባቢ አየር ምርምር የቆመው አቶ የተባለ ማማ 325 ሜትር ይረዝማል፤ ከፓሪሱ ኤፍል ማማ ብዙም አያንስም።

ይህ ዘዴ ተራራማ ቦታ ላይ ይቸገራል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ካርቦኑን ይዞ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ፣ ከማማው መሣሪያ ሳይደርስ ያመልጣል። የኢትዮጵያ የቡና ደኖች ደግሞ በአብዛኛው ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ያሉ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ድርሻ ከፍ ይላል።

‘ደን’ የሚባለው የቱ ነው?

የጥላ ልኬት አሁን ከሳይንስ አልፎ የገበያ ጉዳይ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.አ.አ ያወጣውና ተግባራዊነቱ ከአንድም ሁለት ጊዜ የተራዘመው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 2020 እ.አ.አ መጨረሻ በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና በኅብረቱ ገበያ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ሕጉ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ያሉበትና የዛፎቹ ጥላ ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍነውን ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የዋለ መሬትን አይጨምርም። ኢትዮጵያ ለራሷ የደን ቆጠራ የምትጠቀምበት ትርጉም ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ ሽፋን ይላል። ስለዚህ ያው አንድ ማሳ በአንደኛው ትርጉም ደን፣ በሌላኛው ደን ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

ከሳተላይት የሚነሳ ተራ ፎቶ ደግሞ የሚያሳየው የላይኛውን አናት ብቻ ነው። ከሥሩ ቡና ይኑር ቁጥቋጦ አይለይም፤ ለጥላ ማስተካከያ የተደረገ ምልመላም ምንጣሮ ሊመስለው ይችላል። በ2018 እ.አ.አ መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው የናሳ ጄዳይ መሣሪያ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የታሰበ ነው። ወደ ምድር ሌዘር እየላከ፣ 25 ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ክብ ቦታ የሚመለሰውን ብርሃን በመመዝገብ የደኑን ቁመትና በየከፍታው ያለውን የቅጠል ንብርብር ይገምታል።

ግምቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ግን መሬት ላይ ባለ ልኬት ነው። ከቡናው ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚነሳ አንድ ፎቶ፣ ቅጠሉን የያዘች አንዲት መቆንጠጫ ከላይ የታየውን ያጸናሉ ወይም ያርማሉ። መለኪያው በጎደለበት አካባቢ፣ የገበሬው ማሳ ደን ይሁን እርሻ የሚወሰነው ጥላውን ከሥሩ ሆኖ ባላየው ዓይን ይሆናል።