ቁርጡ እስኪታወቅ

ክረምት ለብዙ ሰው የዝናብና የዘር ወቅት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለወሰደ ወጣት ግን የጥበቃ ወቅት ነው። ሐምሌ ላይ ፈተናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተማረው ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ከእጁ ወጥቷል። «ውጤት ዛሬ ማታ ይለቀቃል» የሚል ወሬ በየቴሌግራሙ ይናፈሳል፤ ማታው አልፎ ይነጋል፤ ውጤቱ የለም። ጎረቤት ባየው ቁጥር «አልመጣም እንዴ?» ይለዋል። በእነዚህ ሳምንታት ከተፈታኞች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፦ «ብቻ ቁርጤን ልወቅ።» ይህ አባባል የምሬት ብቻ ሳይሆን የእውቀትም ቃል ነው። የሚያሰቃየው ከመጥፎው ውጤት ይልቅ አለማወቁ መሆኑን ይናገራል። መድኃኒቱንም ይጠቁማል፦ ትልቁ ቁርጥ እስኪመጣ ድረስ በእጃችን ያሉትን ትንንሽ ቁርጦች መቁረጥ።

ጥናትም አባባሉን ይደግፋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 45 ፈቃደኞች በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ከድንጋይ ሥር እባብ መኖር አለመኖሩን እንዲገምቱ ተደረገ። እባብ በተገኘ ቁጥር እጃቸውን ቀለል ያለ ግን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸዋል። ላባቸውና የዓይን ብሌናቸው ሲለካ ጭንቀታቸው ጣሪያ የነካው ንዝረቱ መምጣቱ እርግጥ በሆነበት ጊዜ አልነበረም፤ ይምጣ አይምጣ ዕድሉ እኩል በእኩል በሆነበት ጊዜ ነበር። ሕመሙ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ራሱን ያዘጋጃል። ያላወቀ ግን ለሁለቱም በአንዴ ሲዘጋጅ ይደክማል።

እዚህ ላይ «የእኛ ልጆች ጭንቀት የአእምሮ ጨዋታ አይደለም፤ የሚፈሩት እውነቱን ነው» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ቢመጣም በእነዚህ ዓመታት ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ያን የማለፊያ መስመር አላለፉም። ስለዚህ ለልጁ «አይዞህ፣ ያለጥርጥር ታልፋለህ» ማለት ማጽናኛ መስሎ ሸክም ይጨምርበታል፤ ባያልፍ ሐዘኑ ላይ የሰው ተስፋ ማፍረሱ ይታከላልና። ስጋቱን በግድ ለማባረር መሞከርም ብዙ አይጠቅምም። በካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈተና ወስደው ለአራት ወር ያህል ውጤት ሲጠብቁ የነበሩ 230 የሕግ ምሩቃን በሥነ ልቦና ተመራማሪዋ በኬት ስዊኒና ባልደረቦቿ ተጠንተው ነበር። ጭንቀታቸውን ለመርሳትም ሆነ ተስፋቸውን ለማጋነን የሞከሩት ከጭንቀቱ አላመለጡም። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሲጨነቁ የከረሙት መጥፎ ዜና ሲመጣ ቶሎ ወደ መፍትሔ መዞራቸው፣ መልካም ዜና ሲመጣ ደግሞ የበለጠ መደሰታቸው ነው። ስለዚህ መካከለኛ ስጋት በሽታ አይደለም። አቅጣጫ ከተሰጠው የዝግጅት ጉልበት ይሆናል።

አቅጣጫ መስጠት ማለት ደግሞ ሁለቱንም መንገድ አስቀድሞ መቁረጥ ነው። 50 ከመቶ ከመጣ የትኛውን የትምህርት ዘርፍ፣ የትኛውን ዩኒቨርሲቲ በቅድሚያ እሞላለሁ? ካልመጣ የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ይደርሰኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ በግል ተመዝግቤ በድጋሚ እፈተናለሁ፣ ወይስ ቴክኒክና ሙያ እገባለሁ? ብዙ ቤተሰብ ስለ ሁለተኛው መንገድ ሲነሳ «አፍህን በዳቦ!» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል፤ ስለ ውድቀት ማውራት ውድቀትን መጥራት ይመስለዋል። ገበሬው ግን እንዲህ አያስብም። የማሽላው ዝናብ ዘግይቶ ቢቀር ጤፍ ወይም ሽምብራ እንደሚዘራ ቀድሞ ማሰቡ ዝናቡን አያስቀርበትም፤ ዝናቡ የቀረ እንደሆነ ግን ማሳውን ጦም ከማደር ያድነዋል። ሁለተኛ መንገድ ያለውን ተፈታኝ ከውጤቱ በኋላ የሚጠብቀው ገደል አይደለም፤ ሌላ መንገድ ነው።

ቀኑን እንዴት እናሳልፈው? እነስዊኒ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ጥበቃው የቀለላቸው ሰዎች ልባቸውን ሙሉ በሙሉ የሚወስድ ሥራ ላይ የተጠመዱት እንደነበሩ አሳይተዋል። ይህ ከችግር መሸሽ አይደለም ወይ? አይደለም። ስልክ ላይ ፊልም ማሳደድ አእምሮን ግማሹን ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ግማሽ ወደ ውጤቱ ይመለሳል። ልብስ ስፌት መልመድ፣ ታናናሾችን ሂሳብ ማስጠናት ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም መማር ግን ችሎታ ስለሚጠይቅ ለስጋት ቦታ አይተውም፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን የማይጠፋ ትርፍም አለው። ወሬ ማሳደድ ደግሞ ያለማወቁን ስቃይ በየሰዓቱ ያድሳል። በቀን አንድ ጊዜ፣ እሱንም የትምህርት ሚኒስቴርንና የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን ይፋዊ ገጽ ብቻ ማየት በቂ ነው።

ፈተናውን ላለፈ ተማሪም ጥበቃው አያበቃም፤ የዩኒቨርሲቲ ምደባ አለ። በሃርቫርድ የተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ተማሪዎች የሚመደቡበት የመኖሪያ ሕንፃ ደስታቸውን በእጅጉ እንደሚወስን ቢገምቱም ከዓመት በኋላ በመልካሙም በመጥፎውም ሕንፃ የገቡት ደስታ ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። በእኛ አገር የምደባው ጉዳይ የርቀትና የሰላም ጉዳይም ስለሆነ በሕንፃ ምርጫ ልናቀለው አይገባም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይሠራል፦ ሰው አስቀድሞ የሚፈራው ቦታ ላይ የሚያገኛቸውን ጓደኞች አስቀድሞ አይቆጥራቸውም።

ቁርጥ መስጠት የተማሪው ብቻ ድርሻ አይደለም። የ2014ቱ ፈተና ጥቅምት 2015 ላይ ተሰጥቶ ውጤቱ ጥር ላይ ወጣ፤ የ2015ቱ ደግሞ ሐምሌ ላይ ተሰጥቶ መስከረም ሊገባደድ ሲል። የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ቢነገርና ቢከበር ለተማሪው «ምን?» እና «መቼ?» ከሚሉት ሁለት አለማወቆች አንዱ፣ «መቼ?» የሚለው ይነሳለታል። ይህን ማድረግ የመንግሥት ድርሻ ነው። ሌላው የቤተሰብ ነው። እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ ከሰው የራቀ ወይም መኖር እንደማይፈልግ የተናገረ ልጅ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰዳል። ለሌሎቹ ሁሉ ወላጅ ሊሰጠው የሚችለው አንድ ታላቅ ቁርጥ አለ፦ «አለፍክም ወደቅክም ልጄ ነህ፤ በማግስቱ ተቀምጠን እንመካከራለን።» ይህ ቃል ከውጤቱ በኋላ ከተነገረ የማጽናኛ ቃል ብቻ ይሆናል። ከውጤቱ በፊት ከተነገረ ግን ልጁ ሌሊቱን የሚደገፍበት ምሰሶ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ውጤቱን አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ንገሩት።